የጨው ነጋዴዋ ኩርፊያ

ልብስ ሰፊው አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጎ፣ በብብቱ ትራስ ሸጉጦ፣ ቢጫ የበሽታ ባንዲራ የተተከለበትን ጋሪ እየተከተለ ይሮጣል። ሌላኛው ጫማ ከደጃፍ ሲወጣ አምልጦታል፤ ተመልሶ ለማንሳት ጊዜ አልነበረውም። ጋሪው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የተጋደሙት አማቱ ናቸው። ትራሱም የእሳቸው ነው። አራስ ሚስቱ ናት በመስኮት የወረወረችለት። "እናቴ ያለ ትራሷ እንቅልፍ አይወስዳትም" ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሷን ሳትይዝ እንዳትመለስ" አለችው። ዛቻ ይሁን ልመና ለመለየት ፋታ አላገኘም። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ሰው ጋሪውን ሲያይ መንገድ ይለቃል፤ ከጋሪው ኋላ የሚሮጠውን ሲያይ ደግሞ ቆሞ ይገረማል። ምክንያቱም በከተማው ውስጥ ከልብስ ሰፊው የባሰ ፈሪ አይታወቅም ነበር። ውሻ ሲያስነጥስ ሰፈር የሚቀይር ሰው ነው። ኮሌራው ከገባ ወዲህማ የሱቁን በር ከፍቶ አያውቅም፤ ሹሙ ያዘዙትን የከፈን ጨርቅ በመስኮት ይቀበላል፣ በእጅ መኪናው ሰፍቶ በመስኮት ያስረክባል፣ ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ በአመድ ይፈትጋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከከፈን በቀር የሰፋው ነገር አልነበረም።

በዚያ ዘመን ከተማው ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሹሙ የጉምሩክ መጋዘኑን አስለቅቀው፣ ዙሪያውን በኖራ አስቀብተው፣ በሩ ላይ አንድ የሃምሳ አለቃ አቁመዋል። የሃምሳ አለቃው ጋሪውን አሳለፈና ረጅም ጠመንጃውን በልብስ ሰፊው ደረት ፊት አጋደመ።

"ቁም። ዘመድ አይገባም።"

"አማቴ ናቸው።"

"አማትም ዘመድ ነች። በዚህ በር የሚያልፈው ሦስት ዓይነት ሰው ነው። የታመመ፣ የሞተ፣ በፈቃዱ ሊያስታምም የመጣ።"

ልብስ ሰፊው ሦስቱን በየተራ አሰባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አላማሩትም።

"እንግዲያው ሦስተኛው ነኝ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

የሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ከቆመ ጀምሮ በፈቃዱ የመጣ ሰው አይቶ አያውቅም። ተረከዙን ከተረከዙ አጋጭቶ ለጄኔራል የሚሰጥ ሰላምታ ሰጠው። ከመንገዱ ማዶ የቆሙ ሴቶችም "ኧረ ወንድ!" ተባባሉ። ልብስ ሰፊው ማንን እንደሚሉ ለማየት ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ከኋላው ሰው አልነበረም። በዚህ መካከል መዝገቡ ቀረበለት፤ ብዕሩን በቀለም ነክሮ ፈረመ። ፊርማው የሸረሪት መንገድ መሰለ።

"ሐኪሙ ሳይፈቅድ መውጣት የለም" አለ የሃምሳ አለቃው መዝገቡን እየዘጋ።

"ቀድሞ ነበር መናገር" አለ ልብስ ሰፊው፤ ግን በጣም በቀስታ ስለሆነ የሰማው የለም።

መጋዘኑ ውስጥ አርባ አልጋ ተደርድሯል። አልጋ ተባለ እንጂ የጉምሩክ ማኅተም ያልለቀቀው የዕቃ ሳጥን ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነው። ጥግ ላይ በሦስት ጉልቻ የተጣደ የላምባ ቆርቆሮ ውሃ ያፈላል። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ሦስት ቀን አልተኛም፤ የመነጽሩ እጀታ ተሰብሮ በክር አስሮታል። ልብስ ሰፊው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው የክሩን ቋጠሮ ነበር። እንደዚያ ያለ መጥፎ ቋጠሮ አይቶ አያውቅም።

"እጅህን በሳሙና ታጠብ" አለው ሐኪሙ። "ከዚያ እንደገና ታጠብ። የፈላ ውሃ፣ በልክ ጨው፣ ትንሽ ስኳር። እኔ በለካሁት ማንኪያ ብቻ። በኩባያ እየቀዳህ ታጠጣለህ። ቢያስመልሳቸውም ትንሽ ቆይተህ ታጠጣለህ።"

"ይኸው ነው መድኃኒቱ?"

"መጽሐፉ ውሃ ከልክል ይላል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሰው ከቀበርኩ በኋላ ከመጽሐፉ ጋር ተጣልቻለሁ።"

ልብስ ሰፊው ነጭ ካፖርት ተሰጠው፤ ትከሻው የተንሸዋረረ ነበር፤ ማን እንደሰፋው አውቆ በሆዱ ታዘበው። ኩባያዎቹን በሰፌድ ደርድሮ በአልጋዎቹ መካከል መሄድ ሲጀምር ግን መጋዘኑ ጸጥ አለ። ያቃስት የነበረው ማቃሰቱን ተወ። ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን ቀና ያላደረገ ስልከኛ፣ ቴሌግራፍ መምቻው ላይ እንደተቀመጠ የታመመ ቀጭን ሰው፣ ብድግ ብሎ ተቀመጠና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

"ወንድሜ፣ እኔ ገና ነኝ" አለ። "ሌላ ጋ ሞክር።"

"ምን ልሞክር?"

ስልከኛው በጣቱ የልብስ ሰፊውን አንገት አሳየው። ሜትሩ እዚያው ተንጠልጥሏል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት አንገቱ ላይ ጣል አድርጎት ማታ ነው የሚያወልቀው፤ መኖሩንም ረስቶት ነበር። የከተማው ከፈን ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ከአልጋ አልጋ እያየ ሲመጣ በሽተኞቹ ምን ያስቡ?

"ኧረ ውሃ ላጠጣ ነው የመጣሁት" አለ ልብስ ሰፊው ተደናግጦ።

"አምጣው" አለ ስልከኛው፤ ኩባያውን ቀምቶ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። "ይኸው ጠጣሁ። አየህ? ደህና ነኝ። በል እለፍ።"

ከዚያ በኋላማ ልብስ ሰፊው አጠገቡ የቆመበት በሽተኛ ሁሉ ኩባያውን በቅጽበት ያንቆረቁራል። ሐኪሙ ከሩቅ አይቶ፣ "ያን ነገር ከአንገትህ አውልቀው፣ ሰው ታስደነግጣለህ" ሊለው መጣ፤ ባዶዎቹን ኩባያዎች ቆጠረና ሐሳቡን ቀየረ።

"ቆይ" አለው። "አታውልቀው።"

በዚህ ሁሉ መካከል ያልተንቀሳቀሱ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። አማቱ እትዬ ጨው ከስልከኛው አልጋ ቀጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

እትዬ ጨው የከተማው ትልቅ ጨው ነጋዴ ናቸው። የልብስ ሰፊው አማት ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ካኮረፉት ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላ ግማሽ ቀን ይጎድለዋል። ነገሩ የሆነው በሠርጉ ዕለት ነው። ልብስ ሰፊው ያኔ ወጣትና ጉረኛ ነበር። አማቱን ለማስደሰት ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ሲሰፋ ሜትር አያስፈልገኝም፣ ዓይኔ ይበቃኛል ብሎ በግምት ቆረጠው። እሳቸው ሙሽሮቹን ሊያቅፉ በሦስት መቶ ሰው ፊት ክንዳቸውን ሲዘረጉ ቀሚሱ ከብብት እስከ ወገብ ተረተረ። ድምፁ እስከ ውጭ በር ተሰማ ይባላል። ልብስ ሰፊው ያንኑ ዕለት ጠግኖ መለሰው፤ እሳቸው ግን ሳጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ማዕድ ላይ እየተቀመጡ አንድ ቃል አላናገሩትም። ጉዳይ ካላቸው በሰው በኩል ነው፤ ሰው ከጠፋ በግድግዳ በኩል። "ይህ ቤት ጣሪያው ያፈሳል" ይሉታል ለግድግዳው፤ ልብስ ሰፊው መሰላል ፍለጋ ይሄዳል።

አሁን በትራሳቸው አስደግፏቸው ኩባያውን አቀረበ።

"እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱ።"

"ስልከኛ" አሉ እትዬ ጨው። ድምፃቸው የደረቀ ቅጠል ያህል ቀሏል። "ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። አልጠጣም።"

ስልከኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ከእትዬ ጨው ለልብስ ሰፊው። አልጠጣም።" ትንሽ አስቦ፣ "አለቀ" ብሎ ጨመረበት።

"እማማ፣ ሐኪሙ ነው ያዘዘው።"

"አልሰማሁም በለው።"

"ከእትዬ ጨው። አልተሰማም። ይደገም።"

"ይደገም አላልኩም።"

"ስህተት፣ እትዬ። መስመሩ ተበላሽቶ ነው።"

ልብስ ሰፊው ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ መጥቶ የእትዬ ጨውን የእጅ ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን ወደ ጎን ወሰደው።

"እስከ ማምሻ አራት ጠርሙስ የሚሞላ ውሃ ካልጠጡ ነገ አልጋው የሌላ ሰው ነው።"

"ከእኔ እጅ አይጠጡም። ጠበኞች ነን። በሌላ ሰው ይሞከር።"

ሐኪሙ ራሱ ሞከረ። ሹሙ የመደቧቸው አሮጊት አስታማሚም ሞከሩ። እትዬ ጨው ለሁለቱም ጥርሳቸውን ገጠሙ። በመጨረሻ ለአሮጊቷ አስታማሚ፣ "ተይኝ የኔ እህት፣ ሰው አላድክም፣ በቃኝ" አሏቸው።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው በእውነት ፈራ። ኩርፊያቸው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለው ነበር፤ ኩርፊያቸውን ያውቀዋል፣ ጉልበት ያለው ነገር ነው። ይህ "በቃኝ" ግን ከእሳቸው አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። ሚስቱን በምን አፉ ሊያናግራት ነው? ከሚስቱም በላይ፣ በእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት አንድ ጊዜም "እንደምን አደርክ" ያላሉትን ሴትዮ እንደሚወዳቸው ያወቀው እዚያ ጣውላ አጠገብ ተንበርክኮ ነው። ጊዜው አሁን ሆነ እንዴ ብሎ በራሱ ተናደደ።

ኩባያውን እንደገና ወደ አፋቸው ሲያስጠጋ ጥቂት ከንፈራቸው ላይ ፈሰሰ። የእትዬ ጨው ምላስ ወጥታ ጠረገችው። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ስልከኛ።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ይህን ጨው ከማን ነው የገዙት በለው።"

ስልከኛው አስተላለፈ። ልብስ ሰፊው፣ "ከታችኛው ገበያ ነጋዴ ነው" ሲል መለሰ።

"ከዚያ ሌባ?" የእትዬ ጨው ዓይን ተከፈተ። "አሸዋ ይቀላቅላል። ሰው ገድሎ ሊጨርስ ነው በለው።"

ልብስ ሰፊው ትኩስ ደም ወደ ጆሮው ሲወጣ ተሰማው። ያን ድምፅ ያውቀዋል። እትዬ ጨው ገበያ ላይ የጨው ጆንያ ሲያስፈቱ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ጨው እንዴት እንደሚቀመስም ያውቃል፤ አንድ ጨው ሻጭ በምላሱ ጫፍ ነካ አድርጎ ሲተፋ ካዩ ገበያውን በአንድ እግሩ ነው የሚያቆሙት። በእሳቸው ሕግ ጨው በጥብጠህ፣ ጉንጭህን ሞልተህ፣ ውጠህ፣ ጉሮሮህ ላይ ሲደርስ ነው የምትፈርደው።

"ስልከኛ" አለ፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩን ተጠቅሞ፣ "ለእማማ ንገርልኝ። አሸዋ የለበትም። በምላስ ጫፍ ቀምሶ መፍረድ አይቻልም።"

ስልከኛው ዓይኑ ፈጠጠ። "ይህን ላስተላልፍ?"

"አስተላልፍ።"

"ከልብስ ሰፊው ለእትዬ ጨው። በምላስ ጫፍ አይፈረድም።" ስልከኛው ይህን ብሎ ወደ አልጋው ጠርዝ ሸሸ።

እትዬ ጨው ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩ። ልብስ ሰፊውን አላዩትም፤ ኩባያውን ብቻ አዩ።

"ስጠኝ በለው።"

ጉንጫቸውን ሞልተው ዋጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። "አሸዋ አለው" አሉ።

"እንግዲያው ከላይኛው ጆንያ ነው የተጨለፈው" አለ ልብስ ሰፊው። "የታችኛው ጆንያ ሌላ ነው።"

ሄዶ ከዚያው ከላምባ ቆርቆሮ፣ ሐኪሙ ከበጠበጠው ከዚያው ውሃ ቀድቶ መጣ። እትዬ ጨው ጠጥተው፣ "ይኼ ደግሞ እርጥበት የመታው ነው" አሉ። ሦስተኛው ከግድግዳ ጥግ ጆንያ የመጣ ነው ተባሉ፤ አመድ አመድ ይላል አሉ። አራተኛውን ሲያቀርብ ትንሽ ቆም ብለው ፊቱን አዩት፤ ከዚያ ጠጡና፣ "ይህኛው የተሻለ ነው፣ ግን ሚዛኑ ይጭበረበራል" አሉ። በጠጡት መካከል ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ልብስ ሰፊው አፋቸውን ጠርጎ፣ "ከተመለሰ ፍርዱ አይጸናም" እያለ ሌላ አመጣ። አንድም ጆንያ አልተለወጠም። ሁሉም ኩባያ ከአንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሳቸው ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ነውር አገኙለት። ስልከኛው መልእክት በማመላለስ ድምፁ ሻከረ።

ከቀትር በኋላ በሩ አጠገብ ተኝቶ የነበረው ውሃ ቀጂ ሞተ። ልብስ ሰፊው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በእጁ ከፈን ሰፋለት። ሲጨርስ እትዬ ጨው በትራሳቸው ቀና ብለው ሲያዩት አገኛቸው።

"ስልከኛ። ስፌቱን ለምን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል በለው። አፈር ሊበላው።"

ስልከኛው ሳያሳጥር አስተላለፈ።

"እንዳይተረተር ነው፣ እማማ" አለ ልብስ ሰፊው። "ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሜ ያልሰፋሁት ልብስ የለም።"

እትዬ ጨው ኩባያቸውን ራሳቸው ዘረጉ።

ማምሻውን ሐኪሙ የጠጡትን ኩባያ በጠርሙስ ልክ አሰላ። አምስተኛው ተጋምሷል። የእጃቸውን ቆዳ ቆነጠጠ፤ ቆዳው ተመልሶ ተኛ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ ልብስ ሰፊውም መነጽሩን ተቀብሎ ከጠዋት ጀምሮ ያናደደውን ቋጠሮ ፈታና በደንብ አሰረለት።

"በምን አጠጣሃቸው?"

"በነገር" አለ ልብስ ሰፊው።

በስምንተኛው ቀን ሐኪሙ እትዬ ጨው ይውጡ አለ። ታመው የገቡበት ልብስ በሕጉ መሠረት ተቃጥሏል፤ ስለዚህ ከቤት ይምጣላቸው ተብሎ ተላከ። ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሰው እንዳያልፍ በደጁ ከተዘረጋው ገመድ ማዶ ቆማ አንድ ጥቅል ለሃምሳ አለቃው ሰጠችው። ልብስ ሰፊው ጥቅሉን ሲፈታ ክው አለ። ሰማያዊው የሐር ቀሚስ ነው። ሰፈሩ በኖራ ሲታጠብ የቤቱ ልብስ ሁሉ ተቀቅሎ ገና አልደረቀም፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የተረፈ ይኸው አንዱ ነበር። ያን ቀሚስ ይዞ ፊታቸው ከሚቀርብ እሱ ራሱ ኮሌራ ቢይዘው ይሻላል ብሎ አሰበ። በአሮጊቷ አስታማሚ ላከው።

እትዬ ጨው ከልብስ መቀየሪያው መጋረጃ ኋላ ወጡ። ቀሚሱ አልጠበበም። ከትከሻቸው ወርዶ፣ ወገባቸው ላይ ሁለት ዙር ሊታጠፍ የሚችል ሆኖ ተንጠልጥሏል። ያን ደንዳና ሴትዮ በሽታው ምን ያህል እንደወሰደባቸው ልብስ ሰፊው ያየው ያኔ ነው፤ ጨርቅ አይዋሽምና። ፊቱን እንዳያዩት ጎንበስ ብሎ የቀሚሱን ጫፍ ያስተካከለ መሰለ።

በሩ ላይ የሃምሳ አለቃው መዝገቡን ገለጠ። "አማትህ ድነዋል። ሐኪሙም ፈቅዶልሃል። ፈርመህ ውጣ።"

ልብስ ሰፊው ብዕሩን ያዘ። ሚስቱ ከገመዱ ማዶ ታየዋለች። በሩ ክፍት ነው፤ ስምንት ቀን ሙሉ በሕልሙ ያየው በር ነው። ከኋላው አንዲት የአሥር ልጆች እናት ዛሬ ጠዋት ገብታ፣ እሷም "በቃኝ" ስትል ሰምቷታል።

"ውስጥ አንዲት አልጠጣም ያለች አለች" አለ፤ ብዕሩን መለሰ። "ነገር የምትወድ ትመስላለች።"

የሃምሳ አለቃው ሰላምታውን ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ አላየም።

እትዬ ጨው ገመዱ ጋ ደርሰው ቆሙ። በስልከኛው፣ ድኖ አብሯቸው በወጣው ሰውዬ፣ ትከሻ ተደግፈዋል። ስልከኛው መልእክት ሊቀበል ጆሮውን አቀረበ።

"አንተ ዝም በል" አሉት። ዞረውም ልብስ ሰፊውን ፊት ለፊት አዩት። "ሁሉም ከአንድ ቆርቆሮ ነበር።"

ልብስ ሰፊው በክፍቱ በር ወደ ውስጥ፣ ወደ ላምባ ቆርቆሮው አየ።

"ሠላሳ ዓመት ጨው ሸጫለሁ። ከአራተኛው ኩባያ ጀምሮ አውቄያለሁ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል፤ እሱን ለማየት ብዬ ነው የጠጣሁት።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።" ጆሮው እንደገና ቀላ። ወደ ሙያው ሸሸ፤ "ቀሚሱ ሰፍቷል። ስወጣ በግራና በቀኝ አራት አራት ጣት እይዝልዎታለሁ" አላቸው፤ ሜትሩንም ከአንገቱ ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

"እንዳትነካው" አሉ እትዬ ጨው። የሚንጠለጠለውን ሐር በሁለት እጃቸው ሰብስበው ያዙ። "አንተ ብቻ በደህና ውጣ። እስክትወጣ እሞላዋለሁ።"